ከሰል የለበሰው ራዲዮ

ወንድሜ በድረዲን እምቢ ማለት አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላማው ብዬ አይደለም፤ ሌላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው። ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ጨው፣ ክብሪትና የቆላ ሙጫ ከምሸጥባት ሱቄ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ራዲዮ ይጠግን ነበር። ሙያውን የተማረው ደሴ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር አጥቤ፣ አብልቼ፣ ቆንጥጬ ያሳደግኩት እኔ ኡሙልኸይር ነኝ። ስለዚህ ብቆጣውም ብስቅበትም ማንም ምን አገባሽ አይለኝም።

ሰው የሞተች ራዲዮውን በጋቢ ጠቅልሎ ይመጣል። በድረዲን ጀርባዋን ይፈታና ያያታል፤ ውስጧ ተቃጥሎ አልቋል።

“ትድናለች?” ይለዋል ባለቤቱ።

“ኢንሻአላህ፣ ነገ ና።”

በነገው “ለጁምዓ” ይላል፣ በጁምዓው “ለገበያ ቀን።” ሰውዬው ደግሞ ከዋጃ በእግሩ የመጣ ነው። “ምናለ አንድ ጊዜ ሞታለች ብለህ ብትገላገል?” ስለው፣ “እታለም፣ ፊቱን አላየሽውም?” ይለኛል። የሰው ፊት ሲከፋ ማየት አይችልም። ክፋት የለበትም እኮ፤ ግን እሱ በደግነቱ ያናደደኝን ያህል ክፉ ሰው በክፋቱ አላናደደኝም።

ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በዚያን ጊዜ ረመዳን ክረምት ላይ ነበር የሚውለው። ቆቦ ሆኖ የኢድን ጨረቃ በዓይን ማየት ዘበት ነው። አዲስ ጨረቃ የምትታየው ፀሐይ እንደገባች፣ በምዕራብ በኩል፣ ያውም ብቅ ብላ ለመጥፋት ነው። በምዕራብ ደግሞ ያ ሁሉ የደጋ ተራራ ተገትሮብናል። ተራራው ቢምረን እንኳ የክረምቱ ደመና አይምረንም። ስለዚህ ረመዳን ሃያ ዘጠኝ የሞላ ዕለት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ የሰፈራችን ጀመዓ በድረዲን ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል። እሱ ራዲዮውን ይከፍታል። ዜናው ጨረቃ ታየች ካለ ነገ ኢድ ነው፤ ካላለ ሠላሳ እንሞላለን። ለምን እሱ ዘንድ መጡ ቢባል፣ የሌላው ሰው ራዲዮ በሙሉ የሱ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ “ነገ”ን እየጠበቀ ነው።

ከክፍሉ ጀርባ የቀበሌው አዳራሽ አለ። ማታ ማታ የውይይት ክበብ ስለሚካሄድ፣ ለመብራቱና ለድምፅ ማጉያው ልክ ሲመሻሽ ጄኔሬተር ይነሳል። በጆሮ የሚሰማውን ጩኸት ለምደነዋል፤ እሱን አይደለም የምለው። የቤንዚን ሞተር ስለሆነ ካንዴላው እሳት በተፋ ቁጥር አንድ ነገር ተነስቶ ራዲዮ ውስጥ ይገባል። ጣጣጣጣ ይላል፣ እንደሚንጣጣ ቆሎ። ከዚያ ወዲያ ዜና አንባቢው ይናገር አይናገር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንዱ ዓመት ነው። በድረዲን ያን ዓመት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ለሸህ ሙሀመድሰይድ ልጅ፣ ለሀጀራ። ሸህ ሙሀመድሰይድ የመስጊዳችን ኢማም ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ልጆችን ቁርአን ያቀራሉ። ሀጀራ ቀልደኛ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ የሰው ስህተት ሳያመልጣት የምትስቅ ልጅ ናት። ሸሁም “ረመዳን ይለፍና እንነጋገራለን” ብለው ሽማግሎቹን በወግ ሸኟቸው። እኛም እሺ ማለታቸው ነው ብለን ደስ አለን።

ሃያ ዘጠኝ ሞላ። መግሪብ ተሰገደ። ጀመዓው መጣ፣ በድረዲን ራዲዮውን ከፈተ፣ ጄኔሬተሩም ተነሳ። እኔ ክፍሉን ከሱቄ ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ቆሜ ነበር። ወላሂ፣ ከዚያ ራዲዮ ከጣጣጣው በቀር አንድ ቃል አልወጣም። በድረዲን ጆሮውን ደቅኖ ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ሲል ደጁ ላይ ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ያየዋል። ልጆች አዲስ ልብሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል፣ ሽማግሎች በጾም ደክመዋል።

“ታየች?” አሉት።

“ታይታለች!” አለ ወንድሜ።

እልልታው ሲቀልጥ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። “አንተ፣ ምን ሰማህ?” አልኩት።

“ትታያለች እኮ እታለም፣ መታየቷ አይቀርም። ፊታቸውን አላየሽም?”

በማግሥቱ ኢድ ሰገድን፣ በግ አረድን፣ በላን። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከደሴ የመጣ የጭነት መኪና ከሱቄ ፊት ቆመና ሾፌሩ ጎማውን ሊያይ ወረደ። አንድ ቁራጭ ሥጋ ላኩለት። ሰውዬው አፈጠጠብኝ። “ምነው እትዬ፣ የረመዳን ቀን ነው እኮ። ደሴም፣ ወልድያም፣ ጎብዬም ሰው ጾሙን ነው ያለው” አለኝ። ሥጋው በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ መረረ። የረመዳንን የመጨረሻ ቀን በልተን፣ ኢድን በጾም ቀን ሰግደን ተገኘን። ሁሉም የአንድ ቀን ቀዷ፣ ያመለጠ ጾም ማካካሻ፣ ገባበት። የጎብዬ ሰዎችማ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ አደረጉን፤ “ቆቦዎች የራሳቸው ጨረቃ አለቻቸው” እያሉ።

በድረዲን ላገኘው ሰው ሁሉ “ጄኔሬተሩ ነው፣ ጩኸቱ አሳሳተኝ” አለ። ሰውም ጩኸቱን ስለሚያውቀው አመነው። ያልተሳሳተ፣ ነገር ግን ያልሰማ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። “እውነቱን ተናገር” ብዬ ብነዘንዘው “እሺ እታለም፣ ነገ” አለኝ። መቼስ ነገን ማን ይከለክለዋል! እየቆየ ሲሄድ ደግሞ የተናገረውን ራሱም አመነው መሰለኝ።

ሸህ ሙሀመድሰይድ አልተቆጡም። ቀዷቸውን ጾመው ዝም አሉ። ሽማግሎቹ ተመልሰው ሲሄዱ ግን፣ “በድረዲን መልካም ልጅ ነው። ሀጀራም አልጠላችውም። ልጄን ከመስጠቴ በፊት አንድ ረመዳን ደግሜ ልየው” አሏቸው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ “ጩኸቱን ካጠፋሁት አለቀ” አለ። እንደሱ ሐሳብ ሀጀራን የከለከለው ካንዴላው ነው። እኔ እንኳ ሌላ ነገር አስብ ነበር፤ ግን ሲሠራ የሚውል ሰው ከሚተክዝ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ የቀበሌው ጸሐፊ አቶ አያሌው ዘንድ ሄደ። አቶ አያሌው ከላይ ከደጋው የመጡ፣ በኢድ ቤታችን የሚበሉ፣ በፋሲካ የሚጠሩን ጎረቤት ናቸው። “በዚያች ማታ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይጥፋልን” ብሎ ለመናቸው።

“በድሩ፣ እኔ ልቤ እሺ ይልሃል” አሉት። “ግን ውይይቱ ላይ የወረዳው ካድሬ ይቀመጣል። መብራት የጠፋው ስለ ጨረቃ ነው ብዬ ልንገረው? እኔንም አብሮ ያጠፋኛል።”

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በድረዲን ጩኸቱን ከራዲዮው በር ላይ ለመመለስ ተነሳ። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ትልቅ ቆርቆሮ ለመነኝና ራዲዮውን ውስጡ ከትቶ ከደነው። ጣጣጣው ድርግም አለ። ደስ ብሎት ዘለለ። ግን ዜና አንባቢውም አብሮ ድርግም ብሏል። “ይሄማ ምን ዋጋ አለው፣ ከነጭራሹ ባትከፍተው አይቀልም?” ብዬ ሳቅሁበት።

“ብረት ሁሉንም ይመልሳል” አለኝ። “ደሴ ያስተማረኝ ሰውዬ ከሰል ግን ይውጣል ብሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ መጥኖ ይውጣል። ጩኸቱ ከቅርብ ነው የሚመጣው፣ ጣቢያው ከሩቅ፤ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ከሰል ቢለብስ ጩኸቱ ይቀራል፣ ንግግሩ ያልፋል።” እውነት ይሁን ቅዠት እንጃ፤ የነገረኝን ነው የምናገረው።

ከገበያ የግራር ከሰል ገዛ። ደህና ከሰል እየተባለ የሚሸጠው እሱ ነው፤ ከባድ፣ ቶሎ የማያልቅ። ወቅጦ ከጭቃ ጋር አቦካና የእንጨት ሣጥን ውስጡን ለሰነው። ሣጥኑ ከመክበዱ የተነሳ ከወለሉ ላይ ለማንሳት እኔም እሱም አቃሰትን። ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጠቀና እየተላጠ ወደቀ። ጣጣጣው እንደ ድሮው ነው። በድረዲን ኤሌክትሪክ ማለፍ አለማለፉን የሚያይበትን ቴስተር አውጥቶ ሁለቱን መውጊያዎች የግራሩ ከሰል ላይ ቢያሳርፍ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ያን ዕለት ከሰሉን ሁሉ ለእኔ ምድጃ ሰጠኝ፤ ከሥራው የተጠቀምኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

አንድ ቀን ሀጀራ ሙጫ ልትገዛ ሱቄ መጣች። እጇ እስከ አንጓዋ ጠቁሯል። የአባቷ ተማሪዎች ሉሃቸው፣ የእንጨት ሰሌዳቸው፣ ላይ የሚጽፉበትን ቀለም የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ሙጫውም ለቀለሙ ማያዣ ነው። የያዘችው እንቅብ ውስጥ ጥቋቁር፣ ጣት ጣት የሚያካክል ነገር ነበር። አንዱን አነሳሁት። መያዜን እጄ አላወቀውም፤ እንደ ላባ ቀልሏል። ላየው ቀረብ ሳደርገው በትንፋሼ ተንከባለለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለመናው ቀዳዳ ነው፣ እንደ ማር እንጀራ።

“ይሄ ደግሞ ምንድነው?” አልኳት።

“የማሽላ አገዳ ነው፣ የውስጡ ልብ” አለች። “ልጣጩን እልጥለትና ልቡን ገንቦ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። አፉን በጭቃ እደፍነዋለሁ፣ ለጢሱ ብቻ አንዲት ቀዳዳ እተውለታለሁ። ከዚያ ፍም ውስጥ ቀብሬው ነው የማድር። ሳይቀዘቅዝ የከፈትሽው እንደሆን አመድ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ትዕግሥት ካለሽ ይኸው፣ መልኩን እንደያዘ ይወጣል።”

በድረዲን በመጋረጃው በኩል አንገቱን አሰገገ። ሀጀራን አላያትም፤ ወይም ያላየ መሰለ። ቴስተሩን ይዞ መጣና መውጊያዎቹን የአገዳው ከሰል ላይ አሳረፈ። መርፌዋ ተስፈንጥራ ዳር ደረሰች።

“ኧረ በአላህ፣ ምን እያደረግካት ነው?” አለች ሀጀራ። “ታመመች ብትለኝም አላምንህ፤ ነገ ትድናለች ልትለኝ ነው።”

በድረዲን ፊቱ ቀላ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጨው ከረጢቴ ዞርኩ። ልጅቱ ወንድሜን ከእኔ ባልተናነሰ ታውቀዋለች።

ከሰሉ የቁርአን ቤት ነውና ሸሁን ሳያስፈቅዱ መውሰድ አይሆንም። እኔው ሄጄ ጠየቅኳቸው። “ቃል ያልተጻፈበት ቀለም ቀለም ነው፣ ይውሰድ” አሉኝ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ “ጩኸቱን ሊያስቀር ነው አሉ?” ብለው ጠየቁ።

“አዎን ሸሃችን።”

“አላህ ያግዘው። እኔም መስማት የምፈልገው ነገር አለ” አሉ። ስለ ጨረቃዋ መሰለኝ።

በድረዲን አዲስ ሣጥን በቀላሉ ከካርቶን ሠራ። ሀጀራ የሉህ ቀለሙን በማሰሮ አዘጋጅታ ላከች፤ እሱም የሣጥኑን ውስጥ እየደራረበ ቀባው፣ ጩኸቱ ወደ መሬት እንዲወርድ ከቀለሙ ላይ አንድ ሽቦ አስሮ ጫፉን ደጅ እርጥብ አፈር ውስጥ በችንካር ቀበረው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ጣጣጣው ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። በድረዲን ራሱን እንደ ሚኒስትር ቆጠረ። በሁለተኛው ቀን ግን ዶፍ ዝናብ ጣለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጠብታው ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ጠዋት ስናየው ቀለሙ በሙሉ ታጥቦ ወርዷል፤ ካርቶኑ ነጭ፣ ራዲዮው ጥቁር።

ሀጀራ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “የሉህ ቀለም እኮ የሚሠራው እንዲታጠብ ነው! ልጆቹ ጽፈው፣ አጥንተው፣ አጥበው ነው ሌላ የሚጽፉት። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን አንተ እንዴት ረሳኸው?” ደረሳ ሆኖ እሱም በልጅነቱ ስንት ሉህ አጥቧል። ከፍቅር ነው የረሳው፤ እኔ ሌላ ምክንያት አላየሁበትም።

መላውን የመታችው ራሷ ናት። ከሰሉን አልፈጨችውም። ያንን ቀዳዳ ቀዳዳ አገዳ መልኩን እንደያዘ በምላጭ ሰነጣጠቀችው፤ በድረዲን ደግሞ ሙጫውን በትንሽ ውኃ ብቻ አፍልቶ አወፈረውና ስንጥቆቹን ጎን ለጎን፣ ግድግዳ እንደሚገነባ ሰው፣ እያስጠጋ ለጠፋቸው። ከላይ ውኃ እንዳይነካው በሰም ሸፈነው። ሥራው የእኔ ሱቅ ውስጥ፣ እኔ መሃል ተቀምጬ፣ ስንትና ስንት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። አገዳው ሲያልቅ ለላሜ ያስቀመጥኩትን ነኩብኝ፤ ክረምት ላይ የአገዳ ክምር የሚተርፈው ሰው የለም። ላሚቱ ያን ዓመት ለራዲዮ ብላ ከሳች። እኔ ግን እነሱን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሳይነካኩ፣ ሳይተያዩ፣ አንዱ ሲሰነጥቅ ሌላው ሲለጥፍ፣ ሌላ ዓመት ሙሉ ባይናገሩ የማይሰለቻቸው ይመስላሉ።

ሣጥኑ አለቀ። ራዲዮው ሲገባበት ከራዲዮው በቀር ክብደት የለውም፤ በአንድ እጄ አነሳሁት። ጄኔሬተሩ ተነሳ። በድረዲን ክዳኑን ከደነና ለድምፅ በተተወችው ቀዳዳ ጆሮውን ደቀነ። እኔም ደቀንኩ። ጣጣጣው ከሩቅ እንደሚሰማ የበቆሎ ፍልፈላ ሆኗል፤ በላዩ ላይ ሰውዬው ጥርት አድርጎ ይናገራል። በድረዲን እንባው መጣ። እኔም፣ አልዋሽም፣ እቅፍ አደረግኩት።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። “ጥቁር ሣጥን፣ ውስጡ ራዲዮ፣ ሽቦው መሬት የተቀበረ” ሲባል በዚያ ዘመን የሰላይ መሣሪያ እንደሚመስል መቼም አይጠፋችሁም። አቶ አያሌው ዘብ ይዘው መጡ። ዘቡ ጠመንጃ አንግቷል። አቶ አያሌው ግን ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን ውስጡ ሰደዱ፣ ሰሙን በጥፍራቸው ፋቁ፣ አሸተቱ፣ ጺማቸውን አሻሹ። ፊታቸው እንደ ምድጃ ጥግ ጠቆረ። ዘቡ ሳቁን ዋጠ።

“ይናገራል ወይስ ይሰማል ብቻ?” አሉ።

“ይሰማል ብቻ አቶ አያሌው። ስለ ጨረቃዋ ነው” አለ ወንድሜ።

“የተፈቀደውን ጣቢያ ብቻ ስማ። እኔም አይቻለሁ፣ ከሰል ነው እላለሁ” ብለው ሄዱ። ፊትዎን ይታጠቡ ለማለት የደፈረ ግን አልነበረም።

ረመዳን መጣ፣ ሃያ ዘጠኝ ሞላ። ቀኑን ሙሉ ዘንቦ ከመግሪብ በፊት አባራ፤ ተራራው ግን ደመናውን እንደተከናነበ ነው። ከሌላው ዓመት የበዛ ሰው መጣ፤ ስለ ሣጥኑ ያልሰማ አልነበረም። ሥጋ ሻጩ ሰላሁዲን የሚያርደውን በግ በገመድ ይዞ ነው የመጣው። ሸህ ሙሀመድሰይድ ባመጣሁላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሀጀራ ከሴቶቹ ጋር የሱቄ በር ላይ ቆመች። ወንድሜ ሸሁን አየ፣ ሀጀራን አየ፣ ራዲዮውን ከፍቶ ከደነው። ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ሣጥኑ ሠራ! እንደዚያ ሠርቶም አያውቅ። የዜና አንባቢው ድምፅ ደጅ ድረስ ወጣ። ሰው “ማሻአላህ” አለ። አንባቢው ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተናገረ፣ ስለ ምርት ተናገረ፣ ከውጭ ስለመጣ እንግዳ ተናገረ። ሁላችንም ጨረቃዋን ጠበቅን። ከዚያ ዜናው አለቀ። ሙዚቃ ተከተለ። ከሙዚቃው በኋላ ጣቢያው በሌላ ቋንቋ ቀጠለ። ስለ ጨረቃ አንድም ቃል አልተነሳም።

ከደጅ የነበረው ሰው ሁሉንም አልያዘውም፤ ድምፁ ይወጣል እንጂ ቃሉን ለይቶ የሚሰማው ጆሮውን የደቀነው በድረዲን ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ልጆቹ፣ ሽማግሎቹ፣ በጉ ሳይቀር። እኔ አጠገቡ ነበርኩና ያ የለመድኩት ነገር ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁት፤ ሰውን ደስ ለማሰኘት አፉ ሲከፈት። አላህ፣ ዘንድሮስ አደራህን አልኩ በልቤ።

“ታየች?”

“አልሰማሁም” አለ በድረዲን። ድምፁ ቀጭን ነበር። “ዜናው ጥርት ብሎ ተሰምቷል። ስለ ጨረቃ ግን ምንም አላሉም።”

ማጉረምረም ተነሳ። ሊጥ ያቦኩት ሴቶች “ወየው” አሉ። ሰላሁዲን በጉን ጎተት አድርጎ ወደ ፊት መጣ። “እንዴት ነው ነገሩ በድሩ? አምና በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ታይታለች ሲሉ ሰማሁ አልከን። ዘንድሮ በዚህ ጸጥታ እንዴት ነው የማትሰማው?”

ወንድሜ ዓመት ሙሉ ጩኸቱን ለማጥፋት ሲለፋ፣ ጩኸቱ ሲጠፋ ማመካኛውም አብሮ እንደሚጠፋ አላሰበበትም ነበር። እኔም አላሰብኩበትም። እንደገና ወደ ሸሁ አየ። ሸሁ መሬት መሬት ያያሉ።

“አምናም አልሰማሁም ነበር” አለ በድረዲን።

ከጄኔሬተሩ በላይ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ጩኸቱ አሳሳተኝ ያልኳችሁም ውሸት ነው። ምንም ሳልሰማ ነው ታይታለች ያልኳችሁ። ፊታችሁን አይቼ እምቢ ማለት አቃተኝ። ጾማችሁን ያስበላኋችሁ እኔ ነኝ፤ አውፍ በሉኝ።”

“አስተግፊሩላህ!” አለ አንዱ። ሌላው የማልደግመውን ተናገረ። ሰላሁዲን በጉን ጎትቶ ዞረ። እኔ ወንድሜን ሊመቱት ይሆን ብዬ ወደ ፊት ገባሁ፤ እሱ ግን አልሸሸም። ሀጀራ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንደ ሐውልት ቆማለች። ሸህ ሙሀመድሰይድ በርጩማውን ትተው በዘንጋቸው ተነሱ።

“ጨረቃ አልታየችም፣ ዜናም አልመጣም። ሠላሳ እንሞላለን” አሉ ለጀመዓው። “የአምናው ቀዷ ተጾሟል፤ ይህም ሰው ይቅርታ ጠይቋል። ለተራዊህ ሰላት ተዘጋጁ።”

ሰው እያጉተመተመ ተበተነ። ሸሁ ግን ወደ በድረዲን ቀረቡ። ራሱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

“ያ ሾፌር የመጣ ዕለት ገብቶኝ ነበር” አሉት ዝግ ብለው።

“ታዲያ አንቱ ለምን ዝም አሉኝ?”

“እኔ ብናገረው የእኔ ቃል ይሆናል። ከአንተ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅኩት። ሰው ይሳሳታል፤ ልጄን ስለ ጨረቃ አልከለከልኩህም። ግን ነገ ቤቷ እህል ሲያልቅ አለ የሚላትን፣ ልጇ ሲታመም ደህና ነው የሚላትን ሰው እንዴት ልስጣት?”

በድረዲን ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። “ሸሃችን፣ ነገ ካፈጠርን በኋላ ሽማግሎቹ ይመጣሉ” አልኳቸው።

ሸህ ሙሀመድሰይድ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። “ምን ትያለሽ?” አሏት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሀጀራ ወንድሜን አየችው። “እሱን ጠይቁት” አለች። “ነገ ይመጣሉ ካለ፣ ከእንግዲህ አምነዋለሁ።”

“ይመጣሉ” አለ በድረዲን። በማግሥቱም መጡ።